በውጪው ገለፈት ያለው በር

ማስተርሴን ስሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተከታተልኩት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሕፃናትን ተቅማጥ የሚያስይዘው ባክቴሪያ መርዙን እንዴት ወደ ውጭ ያወጣዋል? ባክቴሪያው ሁለት ገለፈት፣ ሁለት ስስ ሽፋን፣ አለው። መርዙ ፕሮቲን ነው። የውስጡን ገለፈት አልፎ በሁለቱ መካከል ቅርጹን ይይዛል፤ ከዚያ የውጪውን የሚያልፈው በአንድ ጠባብ በር ነው። እኔ በሩን የሚሠራውን ጂን አጥፍቼ መርዙ ውስጥ ይቀር እንደሆነ ለማየት እሞክር ነበር።

የላብራቶሪ ጓደኛዬ እንደኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነበር የምትኖረው። መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ ነበርና ጠዋት ጠዋት በተጨናነቀ ሃይገር ሁለት ሰዓት አብረን እንጓዛለን። በዚያ መንገድ ያልነገርኳት ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ውጤቱ ጥርት ብሎ ወጣ። በር ያለው ባክቴሪያ መርዙን ፈሳሹ ውስጥ ለቆታል፤ በር የሌለው ጋ መርዙ ውስጥ ታግቷል። ተቃቅፈን ጮህን። አንድ ማረጋገጫ ብቻ ቀረኝ። ባክቴሪያዎቹ ፈንድተው ከሆነ መርዙ ያለ በርም ይፈሳልና አለመፈንዳታቸውን ማየት ነበረብኝ። በማግስቱ እናቴ ታመመችና ወደ አሰላ ሄድኩ፤ የውጤቱን ፎቶም ናሙናውንም ለጓደኛዬ ትቼ።

በሦስተኛው ሳምንት ስመለስ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ ሆቴል የጥናት ጉባኤ እንዳለ ሰማሁና በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ስገባ ስክሪኑ ላይ የኔን የውጤት ፎቶ አየሁት። ከሥሩ የተጻፈው የጓደኛዬና የአማካሪያችን ስም ብቻ ነው፤ የምታቀርበውም እሷው ናት።

አንድ ሽማግሌ ተመራማሪ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ባክቴሪያዎቹ አለመፈንዳታቸውን አረጋግጠሻል?»

«አዎ፣ አረጋግጫለሁ» አለች። ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ አየችኝ።

ለሻይ ሲወጡ ጠበቅኳት።

«ስሜ የታለ?»

«አልነበርሽም እኮ። አቅርቢ ያሉኝ አማካሪያችን ናቸው።»

«ማረጋገጫውንስ መቼ ሠራሽው?»

አቀርቅራ የጫማዋን ጫፍ ታይ ጀመር። «አልሠራሁትም። ልክ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያንቺ ሥራ ነዋ።»

ከሁሉም በላይ ያቆሰለኝ ይኼ ነው። የሰረቀችኝ ስላመነችኝ ነው።

ላብራቶሪ ተመልሼ የቀረውን ማረጋገጫ ሠራሁት። አልፈነዱም። ለውሸቷ ማስረጃ ያገኘሁላት እኔው ሆንኩ።

አማካሪያችን ቢሮ ገባሁ። «እርስዎ የማን ሥራ እንደሆነ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ሁለታችሁም የኔ ተማሪዎች ናችሁ። ጽሑፉ ለሳይንስ መጽሔት ተልኳል። አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ሌላ ጥያቄ አታጪም» አሉኝና ስልካቸውን አነሱ።

እሷ በዚያ ሥራ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አገኘች። እኔ በሌላ ርዕስ፣ አንድ ዓመት ዘግይቼ ተመረቅሁ። ከሄደች በኋላ አንዴ ኢሜይል ጻፈችልኝ፤ ጂኑ የጠፋበትን ባክቴሪያ እንድልክላት። ይቅርታ የሚል ቃል ፈልጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የለም። ባክቴሪያው የላብራቶሪው ነው፣ አማካሪያችንን ጠይቂ ብዬ መለስኩላት።