ባለቤቴ እናቱን አንቱ ያለበት እሑድ

ባለቤቴ ከኦክላንድ ወደብ እየተነሣች ባሕረ ሰላጤውን በምታስጎበኝ የመዝናኛ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ሥራው ደረጃ መጠበቅ ነው። መርከቧ ሦስት ፎቅ ነበራት። ሁለቱ የታችኞቹ ቲኬት ለቆረጠ ሁሉ ክፍት ናቸው፤ ዙሪያውን በመስታወት የተሸፈነው የላይኛው ግን ጨምረው ለከፈሉ ብቻ ነው። ለእነሱ ሲሳፈሩ ሰማያዊ ካርድ ደረታቸው ላይ ይሰካላቸዋል። ባለቤቴ ጥቁር ኮትና ክራባት አድርጎ ደረጃው ሥር ይቆማል፤ ካርድ ላለው ቀዩን ገመድ ከመንጠቆው አንሥቶ ያሳልፋል፣ ለሌለው «አይ አም ሶሪ» ብሎ ይመልሳል። ሲውል ይኸው ነው።

ሥራውን ወደደው አልልም፤ ግን አያማርርም ነበር። ከዚያ በፊት ሄይዋርድ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ወገቡን ተጎድቷል። «ቢያንስ አልሸከምም» ይለኛል። ማታ ማታ ሰዎች ለማለፍ የሚፈጥሩትን ዘዴ እያስመሰለ ያስቀኝ ነበር። አንዱ መነጽሬን ላይኛው ፎቅ ረስቻለሁ ይላል፤ አንዱ ጋዜጣውን እያነበበ ገመዱን እንዳላየ ሆኖ ሊያልፍ ይሞክራል፤ አንዷ ልጆቿን አስቀድማ ትልክና «ልጆቼን ልፈልግ» ትላለች። «ታዲያ ምን ታደርጋቸዋለህ?» ስለው፣ «እመልሳቸዋለሁ እንጂ» ይላል። አንድ ቀን ግን ሳቁን አቋርጦ፣ «ከባዱ ከተመለሱ በኋላ ፊታቸውን ማየት ነው» አለኝ።

በሌላኛው በኩል ያለውን ደረጃ የሚጠብቀው ምጽዋ ተወልዶ አዲስ አበባ የኖረ ኤርትራዊ ጓደኛው ነበር። በዕድሜ ይበልጠናል፤ ጋሼ ነው የምንለው። አገር ቤት ጦርነቱ እየነደደ ሁለቱ እዚያ መርከብ ላይ አንድ ሳንድዊች ለሁለት እየተካፈሉ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን የላይኛው ፎቅ ገሚሱ ባዶ ሆኖ ሳለ ጋሼ የሚስቱን ዘመዶች አሳለፋቸው። ከከፈሉት መንገደኞች አንዱ አይቶ አቤት አለ። መርከቧ ወደብ ስትደርስ ጋሼን ኮቱን አስመልሰው አሰናበቱት። ባለቤቴ የዚያን ዕለት ራቱን አልበላም። ከዚያ ወዲህ በመርከቡ ላይ የሚሆነውን እያስመሰለ ማውራቱን ተወ።

እናቱ የመጡት ከዚህ በኋላ፣ ሰመር መግቢያ ላይ ነው። የልብ ሕመም ነበረባቸው፤ ለሕክምና ተብሎ የመውጫ ቪዛ እስኪፈቀድላቸው ድረስ ያላንኳኩት በር አልነበረም። ባላቸው በወጣትነታቸው ሞተውባቸው፣ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እየሠሩ አንድ ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ተጫዋች። የምንኖርበት ሕንጻ አሳንሰር ውስጥ ያገኙትን ሁሉ በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ» ይላሉ፤ ፈረንጁም ጥቁሩም «ጉድ ሞርኒንግ» እያለ ይመልስላቸዋል። «ይግባባሉ እኮ» ይሉኛል ዞር ብለው።

ልጃቸውን ሥራህ ምንድን ነው ብለው ጠይቀውት «መርከብ ላይ ተቆጣጣሪ ነኝ» ብሏቸዋል። ውሸት አልነበረም። እሳቸው ግን ተቆጣጣሪ የሚለውን ቃል ይዘው ቤተ ክርስቲያን ለተገናኙት ሁሉ አዳረሱት። ያኔ የራሳችን ሕንጻ አልነበረንም፤ በተከራየነው አዳራሽ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ወንበር እያጠፍን፣ «የኔ ልጅ መርከብ ይቆጣጠራል» ሲሉ ስሰማ እሱ አንገቱን ይደፋ ነበር።

መርከቧ ለሠራተኛ ቤተሰብ ነጻ ቲኬት ትሰጣለች፤ ለታችኞቹ ፎቆች ብቻ። እናቱ ባሕር አይተው ስለማያውቁ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዣቸው ሄድኩ። እሱ ጠዋት ሥራ ገብቷል። እሳቸው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የመርከቧን መሰላል ሲወጡ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘውኛል። «አይዞሽ» ይሉኛል፣ የምፈራው እኔ ይመስል።

መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። ትልልቆቹን የወደብ ክሬኖች እያዩ «ቀጭኔ ይመስላሉ» አሉ። በኋላ ግን ከትልቁ ድልድይ ሥር አልፈን ስንወጣ ነፋሱ በረታ። ታች ያለው አግዳሚ መደገፊያ የለውም፤ ልጆች ይራወጣሉ። መካከለኛው ፎቅ ውስጥ ደግሞ የሲጋራው ጭስ አላስቀምጥ አላቸው። ደረታቸውን በመዳፋቸው ያዝ አድርገው፣ «ትንሽ ጀርባዬን የማሳርፍበት ወንበር ባገኝ» አሉኝ። ወደ ላይ ቀና ሲሉ በመስታወቱ ውስጥ ትልልቅ ሶፋዎች ታዩአቸው።

«እዚያ ቤት ባዶ ወንበር አለ እኮ።»

«እማማ፣ እዚያ የተለየ ቲኬት ያስፈልጋል» አልኳቸው።

«ልጄ አይደል የሚቆጣጠረው?» አሉና ሄዱ። ተከተልኳቸው።

ባለቤቴ አንድ ባልና ሚስት አሳልፎ ገመዱን መልሶ ሲሰቅል ደረስን። ከእሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ሱፐርቫይዘሩ ቆሟል፤ ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ፣ ረጅም፣ ጸጉሩ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሰማያዊ ካርድ የሰካች አንዲት ሴት፣ ላይ ያልከፈለ ሰው ገብቷል እያለች ትናገረዋለች። እናቱ ገመዱን በእጃቸው ያዙ።

«ልጄ፣ ትንሽ ልቀመጥ፤ ደክሞኛል።»

ባለቤቴ እሳቸውን አየ። ሱፐርቫይዘሩን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ከዚያ ፊቱ ጭር አለ። ያንን ፊት ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም።

«ይቅርታ፣ እርስዎ በዚህ ማለፍ አይችሉም። ካርድ ያስፈልጋል።»

እናቱ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው ተመለከቱ፤ ሌላ ሰው የሚያነጋግር መስሏቸው። ከኋላቸው ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እኔን ነው?»

«አዎ። እባክዎ ወደ ታች ይመለሱ።»

እጃቸውን ከገመዱ ላይ አነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቢሮ ገብቶ የተከለከለ ባለጉዳይ ለሹም እንደሚያደርገው፣ «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ዞሩ። ሱፐርቫይዘሩ ቀና ብሎ አየንና መልሶ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

ታች የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ሁኔታቸውን አይቶ የራሱን የፕላስቲክ ወንበር አወጣላቸው። በወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሳህን ሲንኳኳ እየሰማን ተቀመጥን። ሁሉም ሰው ካሜራውን ይዞ ወደ አንድ በኩል ሲሮጥ «ምንድን ነው?» አሉኝ። ጎልደን ጌት የሚባለው ድልድይ ነው አልኳቸው። ከሰው ትከሻ በላይ የብረቱን ጫፍ አሳየኋቸው። «ቀይ ነው» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ያወሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ደግ አደረግህ። ለእናቱ ሲል ሕግ የሚያፈርስ ሰው ነገ እንጀራውን ያጣል። ጓደኛህ የሆነውን ነግረኸኝ የለ?» አሉት። እሱ መሪውን እንደያዘ «እሺ እማዬ» አለ።

ቤት ገብተን ጫማቸውን ሳወልቅላቸው ጎንበስ ብለው በዝግታ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንቱ ያለኝ ለምንድን ነው?»

እኔ እሳቸውን እርስዎ እላለሁ፤ የባሌ እናት ናቸው። እሱ ግን እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ እናቱን የሚላቸው አንቺ ነው።

«ሥራ ላይ ሁሉንም እንደዚያ ነው የሚያናግረው፤ ለአክብሮት ነው» አልኩ።

«ለአክብሮትማ ነው።» ነጠላቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ከወለድኩት ጀምሮ አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ለአንድ አፍታ የማላውቀው ሰው መሰለኝ። እንዳትነግሪው።»

መንገር አላስፈለገም። ቤታችን አንድ መኝታ ክፍልና ሳሎን ነው፤ ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ዕቃ እያጠበ የነበረው ባለቤቴ ቧንቧውን ዘግቶ ኖሯል።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኑ ሳን ሆዜ ድረስ ነድቶ፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ግቢው ውስጥ ከሚሸጥበት ከአንድ ያርድ ሴል ወደ ኋላ የሚለጠጥ ቡናማ ወንበር ገዝቶ መጣ። አሳንሰሩ አላስገባው ሲል በዚያ በታመመ ወገቡ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። እናቱ ተቀመጡበት፤ ተለጠጡበት። «ይኸ ወንበር እንቅልፍ ያመጣል» አሉ። እሱ ምንጣፉ ላይ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ ያን ቀን መርከቡ ላይ…»

«የቱን ቀን? እስቲ ውሃ አቀብለኝ» አሉት።

ውሃውን አቀበላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ነገሩን አላነሡትም።

መኸሩ ሲገባ ልባቸው ደከመ። እግራቸው አበጠ፤ ተኝተው መተንፈስ ስላቃታቸው ሌሊቱንም እዚያው ወንበር ላይ ያድሩ ጀመር። ሆስፒታል ስናስገባቸው ዶክተሩ ልባቸው ከመጀመሪያውም ብዙ የቀረው እንዳልነበረ ነገረን። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። የዛሬ ጥቂት ወር የባሕር ነፋስ መትቷት ነበር፤ ከዚያ ሊሆን ይችላል ወይ? ዶክተሩ አይደለም አለው። እንደገና ጠየቀው። ዶክተሩ እንደገና በትዕግሥት፣ ነፋስ እንዲህ ያለ ነገር እንደማያመጣ አስረዳው። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን እንዳላመነ አወቅሁ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት እጃቸውን ይዞ ሲያወራቸው እሰማ ነበር። ቁም ነገር አልነበረም። አንቺ እኮ፣ ታስታውሺያለሽ፣ አንቺ ያኔ እንዲህ ብለሽ። በልጅነቱ የሆስፒታሉን አንሶላ ለብሶ ቄስ ነኝ ያለበትን ቀን ሲነግራቸው ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠባቸው። አንድ ጠዋት እኔ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ስደርስ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አቆመችኝ። እሱ አጠገባቸው ነበር። እጃቸውን አልለቀቀም።

ሄይዋርድ፣ ኮረብታው ላይ ቀበርናቸው። ለልቅሶው ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ጋሼ ነው። ከጎረቤት ወንበር የተዋሰው፣ ሻይ ያፈላው፣ ሰው ሲሄድ ቤት የጠረገው እሱ ነው። ባለቤቴ፣ ጋሼ ለሚስቱ ዘመዶች ያደረገውን እሱ ለእናቱ እንዳላደረገ ሊነግረው ፈልጎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። ጋሼ ትከሻውን ይዞ፣ «እኔ ሥራ አጥቼ ሦስት ልጆቼ ተቸግረዋል፤ አንተ ደግሞ ይኸ አለብህ። ለሁለታችንም አልቀናልንም። በቃ» አለው።

ወደ ሥራ ሲመለስ ሱፐርቫይዘሩ ሐዘኑን ሊገልጽ ቢሮው ጠራው። በወሬ መካከል ባለቤቴ፣ እናቴን አይተሃት ነበር፣ ነጭ የለበሰችው፣ ገመዱን ይዛ የነበረችው ናት አለው። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ።

«እናትህ ነበሩ? ለምን አልነገርከኝም? እጃቸውን ይዤ እኔ ራሴ አወጣቸው ነበር።»

ይህን የነገረኝ የሕንጻችን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ዘግይቶብኝ ብወርድ ሞተሩን አጥፍቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ሱፐርቫይዘሩ ሊያጽናናው ነበር የተናገረው። ባለቤቴ ግን የዶክተሩን ቃል ከሰማበት ቀን ይልቅ ያን ዕለት ተሰበረ። «መጠየቅ ብቻ ነበረብኝ» ይላል፤ «አንድ ቃል። አጠገቤ ነበር እኮ።» ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሥራውን ለቆ ሳን ሆዜ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ለመንዳት ተቀጠረ፤ እኛም ወደዚያው ልንዛወር ሆነ። ሱፐርቫይዘሩ ሲሰናበተው ሁለት ሰማያዊ ካርድ ሰጠው። አይሄድም ብዬ ነበር። «እንሂድ» አለኝ ራሱ።

የእሱን ቦታ የያዘው አዲስ ልጅ ገመዱን አነሣልን። ላይ ሶፋዎቹ እውነትም ምቹ ናቸው። አስተናጋጇ ጭማቂ አመጣችልን። ነፋሱ አይሰማም፤ ባሕሩ ግን ያው ባሕር ነው፣ ከታች ከሚታየው የተለየ ነገር የለውም። ባለቤቴ ዙሪያውን አየ። ስንት ጊዜ ሰው ሲያሳልፍበት በኖረው ፎቅ ላይ አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

«እማዬ ፈልጋ የነበረው እዚህ መቀመጥ ነው?» አለኝ።

«መደገፊያ ያለው ወንበር ነው የፈለጉት። ደክሟቸው ነበር።»

ያኔ አለቀሰ። ቀብሩ ላይ ያላለቀሰውን ሁሉ እዚያ አለቀሰ፤ ድምፅ አውጥቶ። ሰዎች ዞር ዞር ማለት ሲጀምሩ ተነሥቼ በእነሱና በእሱ መካከል ቆምኩ፤ በነጠላዬም ጋረድኩት። ከመስታወቱ ውጭ ድልድዩ እያለፈ ነበር፤ ሁለታችንም ቀና ብለን አላየነውም። መርከቧ ወደብ ደርሳ ሰዉ ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ እንኳ አልተነሣንም። አስተናጋጇ ብርጭቆዎቹን ስትሰበስብ ወደ እኛ አየች፤ ውጡ ግን አላለችንም። የሌሎቹን ጠረጴዛ ጨርቅ እየገፈፈች ወደ ወዲያኛው ጥግ ሄደች።