ጀማል የኖረባት ጀልባ

በሐምሌ ወር የዓመት ፈቃዴን ስጠይቅ ቅጹ ላይ «ዕረፍት፣ ዝዋይ ሐይቅ፣ ዓሣ ለማጥመድ» ብዬ ሞላሁ። አለቃችን አንብቦ ሳቀ። «የድሬ ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዓሣ የሚያጠምደው?» አለኝ። ቀጥሎ የሙሳን ቅጽ አነሣና ያንኑ ቃል ሲያነብ ሳቁን ዋጠ። ሁለቱንም ፈረመልን።

ሙሳ በያጅ ነው፤ እኔ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ነኝ። በባቡር ጥገና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። የበኩር ልጁ ጀማል ስለ ዓሣ ሀብት ተምሮ የዝዋይ ዓሣ አጥማጆችን ማኅበር እንዲያግዝ ተመድቦ ነበር። ስምንት ወር እንደሠራ በመጋቢት እዚያው ሐይቅ ውስጥ ሞተ። ቴሌግራሙ ድሬዳዋ የደረሰው ልጁ ከተቀበረ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ተከትሎ የመጣው ደብዳቤ «በሥራ ላይ እያለ በደረሰበት የውሃ አደጋ» ከማለት በቀር ምንም አይልም።

ደብዳቤው ያልተናገረውን ሰፈሩ ተናገረው። ወጣቱ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለመልበት ጊዜ ነበር። ሰፈራችን ገንደ ቆሬ ውስጥ «ልጁ ስሙ እንደወጣ ሲሰማ ራሱን ውሃ ውስጥ ጣለ» ተባለ። ወሬው ከቤት ቤት ዞሮ እናቱ ጆሮ ገባ። ፋጡማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግቢዋ አልወጣችም። ቀፊራ ገበያ የነበራትን የቅመም መደብ ለእህቷ ተወችው።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ሙሳ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ የኖረበትን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ። ይሠራ የነበረውን እየሠራሁ ጥቂት ቀን እዚያ ልክረም። እውነቱ ምንም ይሁን ምን ለእናቱ ይዤላት እመለሳለሁ። አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

እሄዳለሁ አልኩት።

ከድሬዳዋ እስከ ዝዋይ

ከየቀበሌያችን የይለፍ ወረቀት አውጥተን ማክሰኞ ጠዋት በባቡር ተነሣን። ፋጡማ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳምቡሳ ሰጥታን ነበር። እስከ በሩ ሸኘችን፤ ከበሩ አላለፈችም።

ኤረር ላይ ሴቶች በመስኮት ብርቱካንና ፓፓያ አቀበሉን፤ አንድ ትልቅ ፓፓያ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሚኤሶ ስንደርስ ወታደሮች ወጥተው ወረቀታችንን አዩ። አንዱ ሙሳን «ወዴት ነው፣ አባት?» አለው። «ዝዋይ፤ ዓሣ ላጠምድ» አለው ሙሳ። ወታደሩ የተሾፈበት መስሎት ትኩር ብሎ አየው፤ ከዚያ ወረቀቱን መለሰለት።

መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ውሃ ሐዲዱ አጠገብ ድረስ መጥቷል። ሙሳ ከመቀመጫው ተነሥቶ በመስኮቱ ብረት ላይ ሁለት እጁን አሳረፈ። የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሲሞላ አይቷል፤ ያ ግን ጎርፍ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። እንዲህ ተኝቶ የሚኖር ውሃ በዕድሜው አላየም።

«ያኛውም ይሄን ያህላል?» አለኝ።

«ከዚህ ይሰፋል ይባላል።»

«አቦ! ልጄ ዋና የት ተማረ ታዲያ? ማን አስተማረው?» አለ።

ሞጆ አድረን በማግስቱ ሦስት ብር ከፍለን አውቶቡስ ያዝን። ዝናብ ነበር። ከመቂ ወዲያ የበቆሎው ማሳ እስከ መንገዱ ዳር አረንጓዴ ሆኖ፣ ከድሬ አቧራ ለመጣ ሰው ዓይን ያሳርፋል። ከቀትር በኋላ ዝዋይ ወረድን።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግ ሰው ነበር። መጀመሪያ ከከተማው ወጣ ወዳለው የሙስሊሞች መቃብር ወሰደን። ሙሳ ፋቲሃ ቀራ፤ እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። በመቃብሩ ዙሪያ ድንጋይ በሥርዓት ተደርድሯል፤ አረሙ ተነቅሏል።

«ማን ነው የሚጠብቀው?» አለ ሙሳ።

«ባልቻ ነው። ከልጅዎ ጋር ይሠራ የነበረ አጥማጅ ነው። ሐይቁ ላይም እሱ ይወስዳችኋል» አለ ሊቀመንበሩ።

ጀልባዋ

ጀማል ይኖር የነበረው ከተማ ውስጥ አልነበረም። ማኅበሩ ከደሴቶቹ አጠገብ መልሕቅ ጥሎ የሚያቆማት ሰፊ የብረት ጀልባ አለች። በላይዋ ላይ ከሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል ተተክሎባታል፤ ሁለት የሽቦ አልጋ፣ አንድ የላምባ ምድጃ፣ ሐይቁን የሚያሳይ አንድ መስኮት። አጥማጆቹ ማዕበል ሲይዛቸው የሚጠጉባት፣ ባለሙያ ሲመደብ ደግሞ የሚኖርባት ናት። ሙሳ ገብቶ ግድግዳውን በእጁ ዳበሰ። የማዕዘኑን ብረት አይቶ «ብየዳው መጥፎ ነው» አለ። ከዚያ የቱ አልጋ የልጁ እንደነበረ ጠየቀ።

«የመስኮቱ» አለ ባልቻ።

ባልቻ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ደሴቱ ላይ የተወለደ ክርስቲያን ነው። ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ። ሥራውን አሳምሮ ያሳያል፤ ስለ ጀማል ሲጠየቅ ግን ከአንድ ቃል በላይ አይወጣውም። ሙሳ ሲያናግረው ዓይኑን ከመረቡ ላይ አያነሣም።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ጎሕ ሲቀድ በትንሿ የእንጨት ጀልባ ወጥተን ማታ የተጣለውን መረብ እንስባለን። መረቡ ከውሃው ሲወጣ እንደ ረጠበ ምንጣፍ ይከብዳል። ቆሮሶ የሚባሉት ዓሦች በጉሮሯቸው ተይዘው እያብረቀረቁ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ጢማም አምባዛ ይገኝበታል። ሙሳ እንዴት እንደሚላቀቁ ከባልቻ ተማረ፤ ጣትን ከክንፉ እሾህ አርቆ፣ ወደ ጭንቅላቱ በኩል ገፋ አድርጎ። ከሃያ ዓመት በላይ ብረት የያዙ እጆች ናቸው፤ ደሙ ቢወጣም አላቆመም። ረፋድ ላይ ደግሞ ከትልቋ ጀልባ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን በመንጠቆ እናጠምዳለን። የመጀመሪያዋን ዓሣ በራሱ መንጠቆ ሲያወጣ ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። በሁለት እጁ እንደያዛት «ስለዚች ነው በየደብዳቤው የሚጽፍልኝ የነበረው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ባልቻ ዓሣውን ልጦ፣ በቢላ ጫር ጫር አድርጎ፣ ጨውና ቃሪያ ነስንሶ ጠበሰልን። አንድ ትሪ ላይ አቀረበው። ሙሳና እኔ ያን ጊዜ ተያየን። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሻይ አብረን ጠጥተናል፣ ፉል አብረን በልተናል፤ እሱ ለዒድ ሲጠራኝ ግን ለእኔ በክርስቲያን እጅ የታረደ ለብቻ ይሠራልኛል፣ እኔም ለፋሲካ ለእሱ እንዲሁ። ዓሣ ግን ማንም ባርኮ አያርደውም። እጃችንን ታጥበን ሦስታችን ከአንድ ትሪ በላን።

«ጀማልም እንዲህ ነበር የሚበላው?» አለ ሙሳ።

«ከእኔ ጋር» አለ ባልቻ። ተነሥቶ ሄደ።

ነፋሱ

በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በትንሿ ጀልባ ሳለን ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረ። ዝዋይ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ነፋስ ሲመታው ግን ከሥሩ ይነሣል። ውሃው ቡናማ ሆነ፤ ማዕበሉ በአጭር በአጭሩ እየተደራረበ ይመጣ ጀመር። ሙሳ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጦ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላል። እኔ እመቤቴን እጠራለሁ። ባልቻን ሳየው ግን ከእኛ ይልቅ የፈራ እሱ ነው። በዚህ ውሃ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኗል። እንደምንም ታግሎ ከትልቋ ጀልባ አጠጋን። እርስ በርስ እየተጎተትን ወጣን።

ክፍሉ ውስጥ ገብተን ልብሳችንን ስንጨምቅ ሙሳ «ልጄ የሞተው እንዲህ ባለ ነፋስ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ባልቻ በሩ ሥር ተንበረከከ።

«ጋሽ ሙሳ፣ ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሲጀምር ቃሉ አልያያዝ ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን በዝርዝር ነገረን። በዚያ ወቅት ማኅበሩ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ እንዳይጣል ከልክሎ ነበር፤ ጫጩቱን ስለሚጨርስ። ባልቻ ግን አንድ ደብቆ ያስቀመጠው ነበረው፤ አራት ልጆች አሉት፣ የማኅበሩ ድርሻ አልበቃው ብሎ ነበር። ጀማል ያውቃል። ሁለት ጊዜ «ባልቻ፣ ተው፤ እኔ ሳልናገር አንተው አውጣው» ብሎታል። በዚያ ቀን ባልቻ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ብቻውን ሄዶ መረቡን ሲያወጣ ነፋሱ መጣና ገለበጠው። ጀማል ከዚህችው ጀልባ ላይ አየው። በትንሿ ጀልባ ቀዝፎ ደረሰለት፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከሥር ገፍቶ አወጣው። ባልቻ ጀልባዋ ላይ ወድቆ ሲያስመልስ ጀማል አልወጣም። መረቡ እግሩን ይዞት ነበር።

«ሳብኩ። ቢላም አልነበረኝም። በጥርሴ ሁሉ ሞክሬያለሁ» አለ ባልቻ። «በኋላ አስከሬኑን ከመረቡ አላቅቄ አወጣሁ፤ መረቡን አሰጠምኩት። ስጠየቅ አላየሁም፣ ተንሳፍፎ አገኘሁት አልኩ። መረቡ ከታወቀ እታሰራለሁ ብዬ።»

ሙሳ ተነሥቶ ኮሌታውን ጨብጦ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። መሀል ልገባ ስነሣ ጀልባዋ ተንገዳገደች። ባልቻ እጁን አላነሣም። ሙሳ ለቀቀውና የልጁ አልጋ ላይ ተቀመጠ።

«እንደገና ንገረኝ» አለው። «ቀስ ብለህ።»

ባልቻ እንደገና ነገረው። ሙሳ ሰምቶ ሲጨርስ እንዲህ አለ፦ «እኛ ሰፈር ልጄ ራሱን ገደለ ይባላል። ይህን ታውቃለህ?»

ባልቻ አያውቅም ነበር። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አለቀሰ።

«ለመንግሥት አልከስህም፤ ወላሂ አልከስህም» አለ ሙሳ። «ግን ይህን በእኔ አፍ አልወስደውም። የልጁን ስም ለማጽዳት ነው ይሉኛል። ድሬ መጥተህ ለእናቱ በራስህ አፍ ትነግራታለህ።»

«እመጣለሁ» አለ ባልቻ።

በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ምንም እንዳልሆነ ተኝቶ ነበር። ባልቻ ቦታው ድረስ ቀዝፎ ወሰደን። ውሃ ነው፤ ምንም ምልክት የለውም። ሙሳ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። «ይቀዘቅዛል» አለ። ዱዓ አደረገ፤ ተመለስን።

ወደ ቤት

ባልቻ ባቡር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ሙሳ በየጣቢያው እየወረደ ሻይና ዳቦ ያመጣለታል፤ ያንን ሲያደርግ ፊቱን አያየውም።

ድሬ የደረስነው በቀትር ነው። ሙቀቱ ከሐዲዱ ላይ ይነሣል። ፋጡማ ግቢዋ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ባልቻ ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ «እናቴ» ብሎ ጀመረ። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ሊያወጣህ ሲመጣ ጠርተኸው ነበር ወይስ በራሱ ነው የመጣው?»

«አልጠራሁትም። ከነፋሱ የተነሣ ብጠራም አይሰማም ነበር። አይቶኝ ነው የመጣው።»

ፋጡማ ሻሿን በፊቷ ላይ ጎትታ ወደ ውስጥ ገባች። ድምፅዋን ሰማን፤ ሙሳ እንዳልከተላት በእጁ አገደኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወጣች። ፊቷን ታጥባለች፤ ድሪያ ቀሚሷን ቀይራለች። የግቢዋን በር ወለል አድርጋ ከፍታ መንገዱ ላይ ቆመች፤ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጎረቤቶቿን በየስማቸው ተጣራች፤ አንዷን በኦሮምኛ፣ አንዷን በሶማሊኛ፣ አንዷን በአማርኛ። ግቢው ሲሞላ ወደ ባልቻ ዞረች።

«አሁን ለእነሱም ንገራቸው» አለችው።

ባልቻ ተናገረ። አጠገቤ የቆመች ሴት ለሌላዋ በሶማሊኛ ታስረዳለች። ማንም ቀና አላለም። ሲያበቃ አንዲት አሮጊት ሄደው የፋጡማን እግር ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ እሷ ግን አላስነካቻቸውም። ጎረቤቶቹ ለባልቻ ውሃ አመጡለት፣ ከዚያ ምግብ።

ባልቻ ሁለት ቀን እኔ ቤት አድሮ ተመለሰ። አገሩ ሲገባ ለሊቀመንበሩም ራሱ ተናግሯል፤ ለስድስት ወር ከማኅበሩ ታገደ እንጂ አልታሰረም። ይህን በኋላ በደብዳቤ ሰማን።

እሱን ሸኝተን ከጣቢያው በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስንመለስ ከሙሳ ጋር ብቻችንን ሆንን። ከሐይቁ ጀምሮ በሆዴ የያዝኩትን ነገር መናገር ነበረብኝ። ያን ወሬ እኔም ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ዝም ማለቴ ብቻ ሳይሆን በልቤ አምኜዋለሁ። ጀማልን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ከማውቀው ልጅ ይልቅ ማን እንዳወራው የማይታወቅ ወሬ አምኛለሁ። ጉዞው ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ ስለ ዓሣና ስለ ሐይቅ የተማርኩት ከዚህ አይበልጥም።

«ሙሳ» አልኩት፣ «እኔም እኮ ራሱን ነው የገደለው ብዬ አምኜ ነበር።»

እርምጃውን አላቆመም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሌላ ሰው ሳይሆን አንተን ይዤ የሄድኩት ለዚያ ነው።»