በአባቴ ክንድ ላይ ያሰመርኩት መስመር

ቁጭ ብዬ ማስተማር አልችልበትም። ጠመኔዬን ይዤ ከበር እስከ መስኮት ስመላለስ ተማሪዎቼ ይሳሳቃሉ። አባቴ ክንዱን በተሰበረ ሰሞን ግን እኔው ራሴ በራሴ ታከትኩ።

የወደቀው ከማንጎ ዛፍ ነው፤ በዚያ ዕድሜው! አሶሳ ወስደነው ራጅ ተነሣ፤ ቀኝ ክንዱ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ተሰብሯል። ጀሶ አያስፈልገውም፣ በጨርቅ አንገቱ ላይ ይንጠልጠል፣ እንዳያንቀሳቅሰው ተባልን። አባቴ ወርቅ አጣቢ ነው። ክረምቱ ሊገባ ነበር፤ ጎርፉ አዲስ አፈር ወደ ወንዙ ሲያወርድ ያ ክንድ የእንጨት ገበታውን እያሽከረከረ ብረታማውን ጥቁር አሸዋ አጥቦ ጥሎ ቢጫውን ወርቅ ካላስቀረ አባቴ ምን ሊሆን ነው?

በሦስተኛው ቀን ትከሻው ጠቆረ። በአምስተኛው ጥቁረቱ ወደ ክርኑ ወረደ። በየጠዋቱ ጫፉን በእስክሪብቶ አሰምርበታለሁ፤ በማግስቱ መስመሩን አልፎ አገኘዋለሁ።

«እየወረደ ነው» አለኝ አባቴ። «የሞተ ደም ነው። ጣቴ ጋ ከደረሰ እጄ አበቃለት። ሐሙስ ሂጃማ እሠራለሁ።»

ሂጃማ የሚሠሩት ሽማግሌው ጎረቤታችን ናቸው፤ ቆዳውን በምላጭ በጣ በጣ አድርገው ደሙን በብርጭቆ ስበው ያወጣሉ። ጀርባው ላይ ሲሠሩለት ተቃውሜ አላውቅም። ስብራት ላይ ቆዳ ከተከፈተ ግን ቁስሉ እስከ አጥንቱ ሊመረቅዝ ይችላል። ጮህኩበት።

«ጩኸቱን ለተማሪዎችሽ አድርጊው» አለኝ።

ሐሙስ ሰሌዳው ላይ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ማንንም ሳላስፈቅድ ወጣሁ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሰው ሊጭን ሲቆም አላስችል ብሎኝ ወርጄ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ አባቴ ሸሚዙን አውልቆ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሽማግሌው ምላጩን ከወረቀቱ እያወጡ ነው።

«አባ፣ ተው! ሰውነትህ ራሱ እያጠበው ነው!»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ አስረዳሁ። ከስብራቱ የፈሰሰውን ደም የሚለቅሙ ሕዋሳት አሉ፤ ይውጡታል፣ ይሰባብሩታል፣ ውስጡ ያለውን ብረት ለይተው ያወጣሉ። ብረቱ ወደ መቅኔ ተወስዶ አዲስ ደም ይሠራበታል። ቀሪው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ እየሆነ ይወገዳል። ወደ ታች መውረዱም ቁልቁለት ስላገኘ ነው እንጂ እጁን ሊገድል አይደለም።

«ቢጫው ይጣላል?» አለ አባቴ።

«ይጣላል።»

«ብረቱ ይቀመጣል?»

«አዎ።»

ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሰማህ ወንድሜ? ዕድሜዬን ሙሉ ተቃራኒውን ስሠራ ኖሬያለሁ!»

ሽማግሌው እየሳቁ ምላጩን ጠቀለሉት። አባቴ ግን ሳቁን አቁሞ ትክ ብሎ አየኝ። «ባይጠራስ?»

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አልኩት።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ በሰው ክንድ ላይ ግን አይቼው አላውቅም። በአባቴ እጅ ተወራረድኩ እንዴ ብዬ ፈራሁ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሲያንጎላጅ እንኳ እጅጌውን ገልጬ አያለሁ፤ «ዝንብ ነሽ እንዴ?» ይለኛል። አረንጓዴው መጣ፣ ቢጫው መጣ፣ አንድ ጠዋት እስክሪብቶዬን ይዤ ብቀርብ የማሰምርበት ጫፍ ጠፋ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባቴ ገበታውን ይዞ ወንዝ ወረደ። ክርኑ አጠገብ ትንሽ ቡናማ እድፍ ቀርታበት ነበር። ሳይለቀም የቀረ ብረት ነው፣ አይጎዳህም አልኩት። ራሴ ግን እሷንም ማየት አልተውኩም።

አንድ ቀን ከወንዝ ሲመለስ እድፏ ዙሪያ በእስክሪብቶ የተሰመረ ጠማማ ክብ አየሁ። በግራ እጁ እንደሠራው ያስታውቃል።

«አሁንም ትፈራለህ እንዴ አባ?»

«እኔማ እጄን ካገኘሁ ቆየሁ» አለኝ። «አንቺ ክፍል ውስጥ ስትመላለሺ እንዳትውይ፣ ጠዋት ጠዋት እኔ አይልሻለሁ ብዬ ነው።»