የእትዬ ወለላ ምርቃት

ለቀላል ባቡሩ ተብሎ መርካቶ በተቆፋፈረበት ሰሞን ነው። አርባ ትንንሽ ፖስታ የታጨቀበት ካርቶን ይዣለሁ። እያንዳንዱ ፖስታ የየዝርያው ቁጥር አለው፤ ውስጡ ደግሞ ለከብት መኖ የሚሆን ሃያ ሃያ ፍሬ የጓያ ዘር። የሁለት ዓመት የምርምር ልፋቴ ነው፤ በነጋታው ማሳ ላይ መዘራት አለበት።

አውቶቡስ ተራ ሄጄ ትኬት እስክቆርጥ ካርቶኑን ከእናቴ ጓደኛ ዘንድ፣ እህል በረንዳ ጥራጥሬ ከሚሸጡት ከእትዬ ወለላ ዘንድ ላስቀምጥ ገባሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉኝ።

ጉራዬን ነዛሁ። «ዘር ነው እትዬ። እኛ ዲኤንኤውን አይተን የትኛው ብዙ መኖ እንደሚሰጥ ገና ሳይዘራ እናውቃለን።»

«ሳይዘራ?»

«ሳይዘራ!»

ትኬቴን ይዤ ስመለስ ካርቶኑ አብጦ ጠበቀኝ። አንዱን ፖስታ ብከፍት ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«እትዬ! ምን አደረጉት?»

«የትኛው ቆንቋና ነው እንዲህ የሰፈረልህ? አፈርኩልህ! ከእኔ ጆንያ ለሁሉም አንዳንድ ጭብጥ ጓያ መረቅኩልህ» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ከእኔ ሱቅ ያለ ምርቃት የወጣ ሰው የለም።»

 እዚያው ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ። የእሳቸውና የእኔ ጓያ ቁርጥ መንታ ነው።

እትዬ ወለላ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ምን ያስጨንቅሃል ልጄ? ገና ሳይዘራ የሚሰጠውን የምታውቅ ሰው፣ የእኔን ከአንተ መለየት ያቅትሃል?»