የየኔታ መንጋጋና ጉበት

አጎቴ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ቅኔ ያስተምራሉ። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምላቸው። ባለፈው ክረምት መንጋጋቸውን ሲያማቸው ሰንብቶ፣ ደብረ ማርቆስ ወደምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ጉንጫቸው አብጦ በሚኒባስ መጡ።

ወንበሩ ላይ አስቀመጥኋቸውና እንደ ማንኛውም ታካሚ ጠየቅኋቸው። «ልብ፣ ስኳር፣ ጉበት የሚያምዎ ነገር አለ?»

«ከምላሴ በቀር ሕመም የለብኝም። እሱም የሚያመው ሌላውን ሰው ነው።»

እየሳቅሁ ማደንዘዣውን ወጋኋቸው። ከንፈራቸው ደነዘዘ፤ ጥርሱን ብነካው ግን ዘለሉ። መግል የያዘ ቦታ ማደንዘዣ እሺ አይልም። ሁለተኛውን መርፌ ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ ልጄ፣ ይኼ ሁሉ መድኃኒት መጨረሻው የት ነው?»

«ደም እየጠረገ ይወስደዋል፤ ያኔ ከንፈርዎ ይነቃል። ከዚያ ጉበት ይፈታዋል፣ የተፈታውን ደግሞ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል።»

«ጉበት ደግሞ መፍታት ከማን ተማረ?» ብለው መሳቅ ጀመሩና ድንገት ተዉት። «ጉበት ነው ያልሽው?»

«አዎ። የደከመ ጉበት ከሆነ ቶሎ መፍታት ያቅተዋል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ያዞራል፣ ያንቀጠቅጣል።»

እጄን ለቀቁኝ። በደነዘዘ ከንፈራቸው፣ አምና የወፍ በሽታ ይዟቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ እንደነበር ነገሩኝ።

«ታዲያ ለምን ደበቁኝ?»

«ጠላ ትከለክይኛለሽ ብዬ ነዋ!»

መርፌውን አስቀመጥሁት። የመጀመሪያው ትንሽ ስለነበር አያሰጋም። ወደ ኮሪደር ወጥቼ ለባለቤታቸው ደወልሁ።

«እውነት ነው፣ አሟቸው ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ ጠላ እያሉ የሚጠጡት ቅራሪ ነው። እስካሁን አልነቁም። እንዳትነግሪያቸው!»

ስመለስ ፊቴን ኮስተር ማድረግ አቃተኝ። የመጀመሪያው መርፌ ቀስ ብሎ እንዲሠራ፣ የልብ ምታቸውን እየቆጠርሁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ጥርሱን እንደገና ብነካው አልዘለሉም። ነቀልሁት፤ ሥሩ እንደ ዝግባ ጠልቆ ነበር።

ጥጥ አስነክሼ ለምርመራ ደም እንዲሰጡ አደረግሁ። ጉበታቸው ደኅና ሆኖ ተገኘ። «ዓይንዎ ዳግም ቢጫ ከሆነ ግን አይደብቁኝ» አልኋቸው። ጥጡን እንደ ነከሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምርቃቱን በምልክት ሰጥተውኝ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ መናኸሪያ ወረዱ።