የሹክሹክታው ትምህርት ቤት

አገሯ ሳለች ተማሪዎቿ «ማይኳ» ይሏት ነበር። አንደኛ ክፍል ቆማ ስታስተምር ሦስተኛ ክፍል ያሉትም አብረው ይማራሉ እየተባለ ይቀለድባታል። ርእሰ መምህሩ እንኳ ድምፅ ማጉያው በተበላሸ ቁጥር «እሷን ጥሩልኝ» ይሉ ነበር። በጉሮሮዋ እንጀራ የበላች ሴት ናት ቢባል ውሸት አይደለም።

እግዜር ቀልድ ሲያውቅ፣ ይህችው ሴት በሰው አገር፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ልጆቿን በሹክሹክታ የምታስተምር ሆና አረፈችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ አንድ ትልቅ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ የሊጥ ማቡኪያውን ማሽን የሚጠብቀው እሱ ነው። ኮንትራቱ በየስድስት ወሩ ይታደሳል። «አሁንስ ይበቃናል፣ በሚቀጥለው አገራችን እንገባለን» ሲባል ሲባል ሁለተኛው ዓመት ተጋመሰ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነገ ሊሄድ ለሚችል ሰው ልጅ ቦታ የለኝም አለ፤ የሚከፈልበት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ሻንጣዎቹ ዛሬም ከነልብሳቸው አልጋ ሥር ናቸው። «ለጥቂት ጊዜ ነው» የሚሉት ነገር መቼም ዕቃ አያስፈታ፣ ወዳጅ አያስይዝ። እሷም «እኔ እያለሁ ልጆቼ ከክፍላቸው አይቀሩም» ብላ ቤቱን ትምህርት ቤት አደረገችው።

ችግሩ ቤቱ አንድ ክፍል መሆኑ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ አባት ይተኛል፣ ከመጋረጃው ወዲህ ልጆች ይማራሉ።

እንቅልፉ ደግሞ እንደዋዛ የሚታይ እንቅልፍ አይደለም። ከእሱ በፊት ማሽኑን ይጠብቅ የነበረው ሰው ቀን ሳይተኛ ገብቶ፣ በቆመበት ሸለብ ቢያደርገው ማሽኑ ክንዱን ወሰደው። ባሏ ይህን ከነገራት ወዲህ የእሱ እንቅልፍ በእሷ ዘንድ ከጸሎት እኩል ይከበራል። የወንበሮቹን እግር ካልሲ አለበሰች። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባች። ማባዛት መዳፍ ላይ በጣት መታ መታ እየተደረገ ይጠናል፣ ፊደል በከንፈር ብቻ ይቆጠራል፣ ለጎበዝ ተማሪ ጣት በአየር ላይ እየተርገበገበ ይጨበጨብለታል። ትልቁ ልጇ መጀመሪያ ሰሞን «ይሄ የሌቦች ትምህርት ቤት ነው እንዴ?» ብሎ ሦስቱም አፋቸውን አፍነው ስቀዋል።

ትንሿን ሚጢጢ ይሏታል። ሲመጡ ገና አራት ዓመቷ ስለነበር ሌላ ትምህርት ቤት አታውቅም።

አያትየዋ እሑድ እሑድ ይደውላሉ።

«እስቲ ልጄን አቅርቡልኝ። የኔ እናት፣ ደህና ነሽ?»

ሚጢጢ ከንፈሯን ስልኩ ላይ ለጥፋ ታወራለች።

«ምን አለች? ምንም አልሰማሁ! ድምፅዋን ምን በላው?»

«ኔትዎርኩ ነው እማዬ» ትላለች እናት። ራሷን ግን ትጠይቃለች። እሑድ አባትየው ነቅቶ አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ፣ ልጅቷ የምታንሾካሹከው ለማን ብላ ነው? ጥያቄውን ለሰኞ ታሳድረዋለች፤ ሰኞ ደግሞ ትምህርት አለ። ለባሏ «ስንገባ ይስተካከላል» ትለዋለች። እነሱ ቤት «ስንገባ» የማይጫንበት ነገር የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለገላ ውሃ ጥዳ፣ ለልጆቹ ሥራ ሰጥታ፣ እርጥብ ልብስ ልታሰጣ በረንዳ ወጣች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። አንሶላውን ዘርግታ ጫፉን ስታስተካክል ቀሚሷን ከኋላ የሚጎትት እጅ ተሰማት።

«እማዬ…»

«እሽሽ!» አለች ሳትዞር። «አባባ ተኝቷል።»

ልጅቷ ትንሽ ቆይታ ደግማ ጎተተቻት።

«ምንድን ነው?»

«ውሃው ፈሰሰብኝ።»

ዞረች። ሚጢጢ በአንድ እግሯ ቆማለች። የሌላው እግሯ ካልሲ ይጨሳል። ዓይኖቿ በእንባ ተሞልተው፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ የምታወራው በጣቶቿ መሐል ነው።

ያኔ ማይኳ ጮኸች። ባልየው መጋረጃውን ከነዘንጉ ገንጥሎ ወጣ፤ የጎረቤት በሮች ሁሉ ተከፈቱ። እግሯ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰው፣ ተሸክመዋት ክሊኒክ ሮጡ።

ነርሷ ቁስሉን አጥባ ስትጠቀልል ሚጢጢ ከንፈሯን ነክሳ ዝም። ነርሷ አውራ ጣቷን አነሳችላት፤ ጎበዝ ነሽ ማለቷ ነው። ወንድሟ ደግሞ ጥጉ ላይ ቆሞ ያለቅሳል።

«እዛው ነበርኩ» ይላል። «ጀርባዬን ሰጥቼ ስጽፍ ነበር። ድስቱ ያጋደለባት ኩባያ ልታነሳ ስትንጠራራ ነው አለችኝ። እንዳይወድቅና እንዳይንኳኳ ብላ መልሳ አስቀመጠችው፤ እኔ ምንም አልሰማሁም!»

እናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነርሷ ጉብዝና ያለችው ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ዝምታን ለልጇ ያስተማረቻት ራሷ ናት፤ ጎበዝ አስተማሪ ስለሆነች ልጅቷም በደንብ ተምራለች።

ቁስሉ ይድናል ተባሉ። ማታ ባልየው ለሥራ እየለበሰ «ከነገ ጀምሮ ጮክ ብለው ይማሩ» አለ።

«አንተስ? ማሽኑስ?»

«ጆሮዬን በጥጥ እደፍናለሁ።»

«ያ ክንዱን ያጣው ሰውዬ…»

«ተይኝ እባክሽ! ልጄ እየተቃጠለች እኔ አንኮራፋለሁ? ይሄ ምን አባትነት ነው?»

 ወዲህ ቢሉ ልጅ፣ ወዲያ ቢሉ ባል።

በማግስቱ ከሥራ ገብቶ፣ ጆሮውን ጥጥ ጠቅጥቆ፣ በገመድ ከተንጠለጠለው መጋረጃ ጀርባ ተጋደመ። ትልቁ ልጅ ማባዛቱን ጮክ ብሎ ጀመረው፤ የገዛ ድምፁ እንግዳ ሆኖበት መሐል ላይ ሳቀ። ከዚያ የሚጢጢ ተራ ደረሰ።

«በይ የኔ ቆንጆ፣ ፊደሉን ቁጠሪ። ጮክ ብለሽ! አባባ ከወዲያ ይሰማሻል።»

ልጅቷ መጋረጃውን አየች። አፏን ከፈተች። ደረቷ ተነፋ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ። የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አልሰማሁም!» አለ አባት። ለካ አልተኛም። «ድገሚልኝ፣ በኃይል!»

ደግማ ሞከረች። ግንባሯን ላብ አረጠበው።

«አሁንም አልሰማሁም የኔ እመቤት! እስቲ አባባን ቀስቅሺው!»

ሚጢጢ ከወንበሯ ወረደች። በተጠቀለለ እግሯ እያነከሰች፣ ኮቴዋን ሳታሰማ፣ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቃት። አልጋው ላይ ተንጠራርታ ጥጡን በሁለት ጣቷ ከጆሮው አወጣችና አፏን አስጠጋች።

«አባባ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ጮህኩ እኮ።»

አቅፎ አልጋው ላይ አወጣት። ያን ቀን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር መሸ፤ ወደ ማሽኑም እንደዚያው ሳይተኛ ሄደ።