ለአሞራ የተጻፈ ስም

ባለፈው ሐምሌ አዘዞ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ ዝናቡ ድንገት ወረደና ከአንዲት ሱቅ በራፍ ተጠግቼ ቆምኩ። ሱቋ ከፊቷ የወጣ የቆርቆሮ ጥላ ነበራት፣ ዝናቡ መጀመሪያ ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ ሽምብራ ጣ ጣ ብሎ፣ ወዲያው የሰው ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ መደለቅ ጀመረ። አጠገቤ የቆመችው ሴት አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ቃሏ አልደረሰኝም። እኔም ሳላስበው ፈገግ ብዬ፣ ልጅ ሳለሁ ክፍል ውስጥ እናደርግ እንደነበረው እጄን አጣጥፌ ቀና አልኩና ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅሁ።

ያደግነው ከማክሰኝት መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ግራር ሜዳ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። አባባ ጎንደር ከተማ ተወልዶ፣ እንደ አባቶቹ ከንግድ ጋር አድጎ፣ በኋላ እዚያች መንደር ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ገመድና ጨው የሚሸጥባት ሱቅ ከፍቶ የቀረ ሰው ነበር። ገበሬዎቹ አያ ሰይድ እያሉ ይጠሩት ነበር፣ እሱም ክርስቲያኑንም እስላሙንም በየስሙና በየልጁ ስም ያውቅ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት አልፎ ነበር፣ ትምህርት ቤታችንም መንደሩ ራሱ ያቆማት አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች፤ ጣሪያዋ ሣር፣ ወንበሯ የባሕር ዛፍ ግንድ። ጠዋት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል፣ ከሰዓት ሦስተኛና አራተኛ ይማሩባት ነበር። ከሣር ሥር ዝናብ ድምፅ የለውም፣ ዘንቦ ማባራቱንም የምናውቀው ስንወጣ ነበር፤ አልፎ አልፎ ብቻ ከጣሪያው ትል ይወርድና ደብተር ላይ ያርፋል፣ ቲቸርም «ይኼኛው አልተመዘገበም» እያለ በእስክሪብቶው ጫፍ አንሥቶ በመስኮት ይጥለው ነበር።

ከአራተኛ በኋላ ግን መንገድ አልነበረም። አምስተኛ ክፍል ያለው ማክሰኝት ሲሆን በመካከል ወንዝ አለ፣ እሱም ሰኔና መስከረም ላይ ሞልቶ ያስቸግራል። ወንዶቹ ልብሳቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አስረው ይሻገሩ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ከአራተኛ ክፍል ወደ ቤት፣ ከቤትም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ባል ነበር መንገዳቸው። ታላቅ እህቴ ዘሀራ፣ እኔ እታለም የምላት፣ ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበረች። ጎበዝ ነበረች፣ ጽሕፈቷ ያምር ነበር፣ የበርበሬው ማሰሮ ላይ «በርበሬ»፣ የጨው ጣሳው ላይ «ጨው» እያለች በከሰል ስትጽፍ እማማ «ልብሴ ላይም ጻፊና አርፈሽ ተቀመጪ» ትላት ነበር። አባባ ግን «ልጄ ወንዝ አትሻገርም» ብሎ ቁርጡን ተናግሯል፣ ጎንደር ያለችው አክስታችን ደግሞ ደህና ቤተሰብ ልጃችሁን እየጠየቀ ነው ብላ ሁለት ጊዜ ልካለች። ዘሀራ አላለቀሰችም፣ አልተለማመጠችም፤ የአራተኛ ክፍል መጽሐፏን ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ያንን ሳይ የራሴን መጽሐፍ ከፍቼ አጠገቧ እቀመጥ ነበር።

በጋው ላይ፣ አጨዳውና ውቂያው ካለቀ በኋላ፣ የወረዳው የትምህርት ሰው አቧራ ለብሶ በሞተር ሳይክል መጣ። መንደሩ በሙሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ፣ እኛም ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጠን ሰማን። «ለመስከረም አምስተኛ ክፍል ክፈቱልን ትላላችሁ» አለ፣ «ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ካሳያችሁኝ መምህሩን እልካለሁ። ጳጉሜን ሳይገባ መጥቼ አያለሁ፤ የሚያፈስ ከሆነ ግን መምህሩን ለሌላ ቀበሌ እሰጠዋለሁ።» ሁሉም እሺ አለ፣ ተመረቀ፣ ተጨበጨበ። ዘሀራ እጄን ጨብጣ ስለነበር ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።

እንጨቱ ከየሰዉ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ መጣ፣ ጭቃው በደቦ ተረገጠ፣ ሴቶቹ ጭዱንና ውኃውን አመላልሰው፣ ወንዶቹ ማገሩን አስረው፣ ግንቦት ሳይወጣ ግድግዳው ቆመ። ቆርቆሮው ግን አልመጣም። ሰዉ ጉልበቱን አይሰስትም፣ ከኪሱ ሲባል ግን ሁሉም ጎረቤቱን ያይ ነበር፤ አባባ ጎንደር በገዛበት ዋጋ እሸጣለሁ ቢልም ከሱቃችን የወጣው ጥቂት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው አባባ ሰውን በሱቅ መስኮት ሲያይ የኖረበትን ዕውቀት ያወጣው። «የሰጠ ሰው ስሙ ቆርቆሮው ላይ ይጻፍ» አለ፣ «ልጁ ክፍል ውስጥ ቀና ባለ ቁጥር ያንብበው።»

ይኼ ዓርብ ከስግደት በኋላ፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ፣ ሳምንት ሳይሞላም ሱቃችን በር ላይ ሰልፍ ሆነ። አንድ ቆርቆሮ እሰጣለሁ ብሎ ሲያመነታ የከረመው ባለ ብዙ ከብቱ አያ ጫኔ፣ ጎረቤቱ ሁለት መስጠቱን ሲሰማ ሦስት ገዛ። ቆርቆሮዎቹ ግቢያችን ሣር ላይ ተደረደሩ፣ ዘሀራም ነጭ ቀለምና አሮጌ ብሩሽ ይዛ በየቆርቆሮው ራስ ላይ ስም ትጽፍ ጀመር፣ እኔ የቀለሙን ጣሳ ይዤ ከኋላዋ እሄድ ነበር። የመንደሩ ወንዶች ስማቸው ሲጻፍ ለማየት ቆመው፣ አብዛኞቹ ማንበብ ባይችሉም፣ «አዎ፣ ይኼ ነው» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ አባባ ዕቃ ሊያመጣ ጎንደር በወጣበት፣ ሌላው ደግሞ ማክሰኝት ገበያ በዋለበት ቀን፣ አናጢው አያ ደምሴ ዝናብ ሳይቀድመኝ ብሎ ጣሪያውን ከልጆቹ ጋር ብቻ መትቶ ጨረሰው። አያ ደምሴ ሚስማር አጣምሞ የማያውቅ ሰው ነበር፣ ስሙ በየት በኩል ይሁን ብሎ የነገረው ግን አልነበረም። በማግሥቱ አያ ጫኔ ስሙን ሊያይ ገብቶ ቀና ቢል የሚያብለጨልጭ ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ሆነበት።

«ስሜ የታለ?»

«ከላይ ነው» አለ አያ ደምሴ። «ቀለም የተቀባ ወገን ምንጊዜም ወደ ላይ ነው የሚሆነው።»

«እና እዚያ ማን ሊያየው?»

«እግዜር ያየዋላ።»

«እግዜርማ ስሜን ያውቀዋል። ለአሞራ ነው ወይ የጻፋችሁልኝ?»

ሐምሌን ሙሉ መንደሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሰዉ እየመጣ ቀና እያለ፣ ስሙን እያጣ፣ እየተበሳጨ ይሄዳል። አያ ጫኔ «ወይ ይገልበጥልኝ ወይ ቆርቆሮዬን መልሱ» አለ፣ ሌሎቹም ከኋላው ተሰለፉ። አያ ደምሴ የተመታ ቆርቆሮ ቢገለበጥ ያፈሳል ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ ጥፋቱን ሊሸፍን ነው ተባለና የሚሰማው አጣ። አንድ ቀን ማለዳ አያ ጫኔ መሰላል አስይዞ መጣ። አባባ ይህን ሲያይ ከሰዉ መካከል ወጣና «ስም ይጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ከእኔ ይጀመር» አለ። አያ ደምሴ እያጉረመረመ ወጥቶ የአባባን ቆርቆሮ ነቀለ፣ ገለበጠ፣ መልሶ መታ። «ሰይድ» የሚለው ስም በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ጉልህ ሆኖ ታየ፣ አባባም ከሥሩ ቆሞ ጢሙን ዳሰሰ።

ከሰዓት ዝናቡ መጣ። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ስለሆነ ውኃው በጎድጓዳው ሲወርድ ቀዳዳውን አያገኘውም፤ የተገለበጠ ቆርቆሮ ግን ጉብታው ጎድጓዳ ስለሚሆን ቀዳዳው ሁሉ የውኃው መንገድ ላይ ይውላል። ሌላው ጣሪያ ደረቅ ሆኖ፣ ከአባባ ስም ሥር ብቻ ውኃው እንደ ወንፊት ይወርድ ነበር። መጀመሪያ አያ ጫኔ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። «ቆርቆሮ ነጋዴው ቆርቆሮ አያውቅም!» እያሉ መሬት እስኪቀመጡ ሳቁ፣ መሰላሉም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ገልብጡልኝ ያለ ሰው አልነበረም፤ አባባ ግን አያ ቀዳዳ የሚል ስም ወጣለት፣ ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሁሉ «የማያፈሰውን ስጠኝ» ይለው ነበር። እማማ እንኳ ሌማት ስታቀርብለት «በየት በኩል ላዙርልህ?» ብላ ታሾፍበት ነበር። እኔ በአባቴ አፍሬ ከልጆች ጋር እጣላ ነበር።

ሰዉ ግን ስሙን የማየት ነገር ከሆዱ አልወጣለትም። ነሐሴ ላይ ዘሀራ እራት እየበላን ሳለ «አባባ፣ ምነው ከሥር እንደገና አልጽፈውም?» አለች። አባባ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ሽማግሌ የሚባለው ሁሉ ወር ሙሉ ተከራክሮ አንዱም ይህን አላሰበም። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ የትኛው ቆርቆሮ የማን እንደሆነ ከሥር ሆኖ ማወቅ አይቻልም፣ አያ ደምሴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚያነብ፣ ክብደት የሌለው ሰው ተፈለገና እኔ ተገኘሁ።

ፀሐይ በወጣበት ቀን አያ ደምሴ በገመድ ወገቤን አስሮ፣ ጫፉን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ወደ ላይ አወጣኝ። ዘሀራ በርሜል ላይ ቆማ ከሥር ስታንኳኳ፣ እኔ ያንኳኳችበት ላይ ተንበርክኬ ፊደል እየቆጠርኩ አነባለሁ፣ ጮኼም እነግራታለሁ። «ጫ... ኔ!» ስል ከሥር «ጫኔ!» ብላ ትመልሳለች፣ ደጅ የቆመው ሰውም ተቀብሎ «ጫኔ!» ይላል። ቆርቆሮው ጉልበቴን ያቃጥለኝ ነበር፣ ነገር ግን በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተፈላጊ ሆኜ አላውቅም። አያ ጫኔ ሦስቱም መጻፋቸውን ለማረጋገጥ ያገኘውን ልጅ ሁሉ እየጎተተ «ይኼ ምን ይላል?» እያለ ሲጠይቅ ዋለ። ማታ ላይ «ሸጋ ነው» አለና ሚስቱን፣ ልጃቸውን ለመስከረም እንድታስመዘግባት አዘዛት።

የወረዳው ሰው የመጣው በነሐሴ መጨረሻ፣ ደመናው መሬት በነካበት ቀን ነው። የአባባ ቆርቆሮ መልሶ ቢገለበጥም በአዲሱ ቀዳዳ ስለሚያፈስ እንዳለ ተትቶ ቀዳዳዎቹ በሬንጅ ተደፍነው ነበር፣ ሬንጁ ግን ይያዝ አይያዝ ማንም አያውቅም። ሰውየው ክፍሉ መካከል ቆሞ ቀና እንዳለ ዝናቡ ጀመረ። ስሞቹን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበበ በክፍሉ ዞረ፣ እኛም በመስኮት ተንጠልጥለን አየን። አባባ ከስሙ ሥር ቆሟል፣ ኮፍያው ላይ አንድ ጠብታ ወረደ፣ ሌላ ተከተለ፣ እሱ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስለ መንገዱና ስለ ሞተሩ እየጮኸ ይጠይቀው ነበር። ውኃው በአንገቱ ገብቶ በጀርባው ሲወርድ አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። ሰውየው በመጨረሻ «አያፈስም» አለና ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል ተከፈተ። ዘሀራ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ቀድማ ገብታ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ሄዳ ከአባባ ቆርቆሮ ሥር ተቀመጠች። በኋላ ሬንጁ በፀሐይ ለቀቀ፣ እሷም ጣሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተማረች፤ እኔም ምን ያለች ሞኝ ናት እል ነበር። በተከታዩ ዓመት ስድስተኛ ተጨመረ፣ ከዚያ ሰባተኛና ስምንተኛ፣ በየክፍሉም ቆርቆሮ የሰጠው ስሙ ተጻፈለት፣ ከሥር። አባቶቻቸው የሰጡ ልጆች ሲያድጉ ራሳቸው ሰጡ፣ ሴቶች በራሳቸው ስም ሰጡ፣ በመጨረሻም መንግሥት የብሎኬት ክፍሎችን ሠራ።

የመጀመሪያዋ ባለ ቆርቆሮ ክፍል ካቻምና ስትፈርስ ቆርቆሮዎቹ ለየባለቤቶቹ ተመለሱ። ሱቁን ዘግቶ አዘዞ ከእኔ ጋር የሚኖረው አባባም የራሱን አስመጥቶ ከዶሮዎቹ ቤት ላይ አስመታ፣ ያው እንደተገለበጠች። ባለፈው ሐምሌ ከዝናቡ ተርፌ ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዶሮዎቹ ከሚያፈሰው ጥግ ሲሸሹ እያየ ይስቅ ነበር። ሻሼን እየጨመቅሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ያን ሁሉ ዓመት ቆርቆሮ ሸጠህ፣ ሲገለበጥ እንደሚያፈስ እውነት አታውቅም ነበር?»

«ጫኔ መሰላል አስይዞ መጥቶ ነበር» አለ። «ደምሴ ቢነግራቸው አልሰሙትም። እኔም ብነግራቸው አይሰሙኝም፤ ካዩት ግን ይበቃቸዋል ብዬ ነው።»

«ሰው ሁሉ ሲስቅብህ ምነው ዝም አልክ?»

«እነሱ ይስቁ» አለ፣ «ዘሀራ አምስተኛ ገባች አይደል?»

ወላሂ፣ ያኔ በአባቴ አፍሬ በመጣላቴ ያን ዕለት አፈርኩ። ማክሰኝት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ለሆነችው ለዘሀራ ወዲያው ደወልኩላትና ነገሩን እንዳለ ነገርኳት። ስጨርስ ሳቅ አለች።

«እና እኔ ምን ብዬ ከዚያ ቀዳዳ ሥር የተቀመጥኩ መሰለሽ?» አለችኝ።

የእኔ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ጎንደር ውስጥ ፎቅ ነው፣ በሩ ላይ የሰጡት ሰዎች ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ በሰው ቁመት ልክ ተሰቅሏል፤ ቆሞ የሚያነበው ልጅ ግን እስካሁን አላየሁም። ደህና ትምህርት ቤት ነው፣ አያፈስም፣ ዝናብ ሲዘንብም ትምህርቱ አይቋረጥም። የኛ ቲቸር ግን ዝናቡ ድምፁን ሲውጠው ጠመኔውን ያስቀምጥ ነበር፣ እኛም ሌላ የምንሠራው ስለሌለን እጃችንን አጣጥፈን ቀና እንልና፣ እስኪያባራ ድረስ የአባቶቻችንን ስም እናነብ ነበር።